ዘጠኝ ሰው ያየው ፊልም

ጥር ሊያልቅ ሲል ይነሳል የኛ ሕመም፣ የኛ ጣጣ፤
ቦራ የሚሉት ነፋስ ከተራራው ሲቆጣ፣
ትሪዬስቴ መንገድ ላይ ጃንጥላ ሁሉ ሲሰበር፣
ኦንዲና የእጩዎቹን ስም ትለጥፋለች፣ ከመዶሻው በላይ፣ ግድግዳው ዳር።

ሱቋ የሚሸጠው ማጠፊያ ነው፣ ምስማር፣ የቧንቧ ጥብጣብ፤
ከባንኮኒው ሥር ግን አለ አንድ የተቀዳደደ መዝገብ፤
ማን ምን ብሎ ገመተ፣ ማን በስንት ተሸነፈ፣
የሃያ ሁለት ዓመት ዕዳችን እዚያ ላይ ተጻፈ።
የተረታ ያጥባል የዚያን ሌሊት ሳህን፤
አስራ አራቱን ዓመት እኔ ነኝ ያጠብኩ። ምን ላድርገው ልቤን?
ሊቪዮ ይመክረኛል፦ «ኔሬዎ፣ በጭንቅላትህ ገምት፤
የወደድከውን አትጻፍ፣ የሚወዱትን ጻፍ፣ ይኸው ነው ብልሃት።»

ሊቪዮ ማለት ሠላሳ ስድስት ዓመት ፊልም ያሽከረከረ፣
በግድግዳ ቀዳዳ፣ በአንድ ዓይኑ፣ ዓለምን የመረመረ፤
ሲኒማው ተዘግቶ ሱፐርማርኬት ሲሆን
የሰባተኛውን ረድፍ ሁለት ወንበር ነቅሎ ቤቱ ያስገባ፣ ሚስቱ እያየች ጉዱን።
ዛሬም አይብ የተደረደረበት ጋ ቆሞ፦ «ስክሪኑ እዚህ ነበር» ይላል፤
ጋሪ የሚገፋው ገዢ «ይቅርታ» ብሎት ያልፋል።

ዘንድሮ ልቤን የወሰደችው አንዲት ትንሽ ፊልም ናት፤
ጀልባ ጠጋኝ ሽማግሌ፣ መናገር ያቆመች ልጁ፣ አንድ ክረምት።
ሌላ የለም። የሚሞት የለም፣ የሚሳሳም የለም፤
ማክሰኞ ማታ ነው ያየኋት፤ ዘጠኝ ነበርን፣ አስር አንሞላም።
አንዱ ኮፍያውን ደፍቶ ተኝቷል፣
ሁለቱ ነፋስ ሸሽተው የገቡ ይመስለኛል።
ግን ሽማግሌው ጓንቱን አውልቆ የልጁን ጆሮ ሲያሞቅ
ከተኛው በቀር ስምንታችን ትንፋሻችንን ዋጥን፣ እንዳይታወቅ።

ዝርዝሩ ሲወጣ ፈለግኳት፣ ከላይ እስከ ታች፣
እንደ ፈተና ውጤት፣ በጣቴ እየተከተልኩ።
የለችም። እንደገና ከታች ወደ ላይ። ቀረች።

ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት። መስኮቱ ያፏጫል።
ኦንዲና የባቄላ ሾርባ አሙቃለች፣ ሊቪዮ ብርድ ልብስ ለብሷል።
እዚያ፣ ውቅያኖስ ማዶ፣ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀች፤
ቀዩ ምንጣፍ ላይ አንዲት ክንደ-ራቁት ቀሚሷን እየጎተተች...
«ይህን ቀሚስ ስንት ሰው ተሸከመው?» ትላለች ኦንዲና፤
«ሦስት» ይላል ሊቪዮ፣ «አራተኛው መኪና ውስጥ ቀርቷል ገና።»

አንድ የድምፅ ባለሙያ ወጣ፣ ወረቀቱ እየተንቀጠቀጠ፤
ሚስቱን ሊያመሰግን «ሮ...» እንዳለ ሙዚቃው ቃሉን ቆረጠ።
ሮዛ ትሆን? ሮሳልባ? ስንከራከር ሁለት ሽልማት አለፈን።

የዓመቱ ሟቾች ምስል ሲመጣ ብቻ ማንም አይቀልድ፤
ሊቪዮ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ይላል፣ እጁን ጉልበቱ ላይ እንደማገድ።
«ይሄ ሰውዬ ሦስተኛው ጥቅል ላይ ሁልጊዜ ይበጠስብኝ ነበር» አለ፣
በጣቶቹ አየሩን እየቀጠለ።

ትልቁን ሽልማት ትልቁ ፊልም ወሰደ።
ገምቶ የረታን ሊቪዮ ነው፤ ፊልሙን ግን አላየውም፣ አልሄደ።
«ፖስተሩን አይቻለሁ፣ ይበቃል» ብሎ እጁን ዘረጋ፤
«ኔሬዎ፣ ስፖንጁ እዛው ነው» አለች ኦንዲና፣ ሊነጋጋ።

ሳህን እያጠብኩ አሰብኩ፦ ብታሸንፍ ኖሮስ?
ዘጠኙ ዘጠኝ ሚሊዮን ሆኖ በየካፌው ሲነሳ ሲወድቅ ስሟ፣
ያቺን ጓንት ስንቱ ይተርካት ነበር፣ ስንቱ ይቆርሳት ከአካሏ?
ክፉ ነው የአፍቃሪ ልብ፤ ይሸልሙልኝ ብሎ ያለቅሳል፣
የሸለሙለት ቀን ደግሞ፣ ተቀማሁ ብሎ ይቆስላል።

አስራ አንድ ከሩብ። አውቶቡሴን አስነሳሁ፣ ከወደቡ ጀምሮ፤
ዓይኔ አሸዋ ሞልቶበት፣ መዳፌ በሳሙና ተቀቅሎ።
ሁለተኛው ፌርማታ ላይ አንድ ሰው ገባ፣ ኮፍያውን በእጁ ይዞ፣
አየኝ፣ አለፈ፣ ተመለሰ፣ ከኋላዬ ቆመ ብረቱን ተመርኩዞ።
«ማክሰኞ ማታ... አንተም ነበርክ አይደል? እኔን እንቅልፍ ጣለኝ፤
ሰውዬው ጀልባዋን ሲገለብጥ ድረስ አይቻለሁ። ከዚያስ? ንገረኝ።»

ነገርኩት። ስለ ክረምቱ፣ ስለ ዝምታዋ፣ ስለ ሬንጁ ሽታ፤
መብራቱ ቀይ ነበር፣ ነፋሱ አውቶቡሱን እየመታ።
መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ከኋላ ጥሩምባ ይነፉብናል።
እኔ ገና ጓንቱ ላይ ነኝ።